የጢም መላጫ እንዴት ይመረጣል?

ፊት እንደ ቤት ደጅ ነው፤ ወደ ውስጥ ሳይገባ አስቀድሞ የሚታየው እርሱ ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአለቃውም ሆነ ከባለጉዳይ ጋራ ሲገናኝ ከቃሉ በፊት ፊቱ ይናገራል። ስለዚህ ጢሙን የሚያሳድግ ሰው በሥርዓት አበጥሮና አስተካክሎ፣ የሚላጭም ሰው በንጽሕና ተላጭቶ መገኘቱ ለራሱ ክብር፣ ለሚያነጋግረውም ሰው አክብሮት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጽሕፈትና ሒሳብ በትምህርት ቤት ሲሰጡ መላጨትን የሚያስተምር መምህር የለም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች ነገሩን በግምት ይጀምሩታል፤ በግምት የተጀመረውም ሥራ በአንገታቸው ላይ ሽፍታና ጠባሳ ትቶ ይኖራል።

በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በንሳምብያ ኮረብታ ሥር የሚኖሩ አንድ አንባቢያችን የላኩልን ደብዳቤ ነው። እኒህ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ ከሥራ ሰዓት በኋላ አማርኛ የሚማሩ ናቸው። የደብዳቤያቸው አሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ በተላጩበት ቀን ፊታቸው ይለሰልሳል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ከአገጫቸው በታችና በአንገታቸው ላይ የሚያሳክኩ ትናንሽ እባጮች ይወጣሉ። ይሻላል ብለው ዋጋው ውድ የሆነ ባለ አምስት ስለት መላጫ ገዙ፤ ነገሩ ባሰባቸው። ቍስሉ እስኪሽር ድረስ ሳይላጩ ወደ ሥራ ቢገቡ ደግሞ አለቃቸው በቸልተኝነት ወቀሷቸው። «እንግዲህ አጥርቶ የሚላጭ፣ ቈዳንም የማይጐዳ መላጫ የትኛው ነው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

መልሳችን ይህ ነው። ለሰው ሁሉ የሚበልጥ አንድ መላጫ የለም። ለያንዳንዱ ሰው ጠጉር የሚስማማ መላጫ ግን አለ፤ እርሱም የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይገባዋል። ምክንያቱን ከዚህ በታች በየተራ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ቃሉ

አማርኛ ለሚማሩ አንባብያን ይጠቅም ዘንድ አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። «ላጨ» የሚለው ግስ ሌላውን ሰው ለላጨ፣ «ተላጨ» የሚለው ግን ራሱን ለላጨ ወይም በሌላ ሰው እጅ ለተላጨ ይነገራል። ስለዚህ አባት ስለ ልጁ ሲናገር «ልጄን ላጨሁት» ይላል፤ ስለ ራሱ ሲናገር ግን «ጢሜን ተላጨሁ» ይላል። የሁለቱም ንዑስ አንቀጽ «መላጨት» ተብሎ በአንድ ዐይነት ይጻፋል፤ ሲነገር ግን የሁለተኛው «ላ» ይጠብቃል። «ምላጭ» የተባለው የተሳለው ስስ ብረት ነው፤ «መላጫ» የተባለው ደግሞ ምላጩን የሚይዘው ባለ እጀታ መሣሪያ ነው። «መላጣ» ግን ጠጉሩ የረገፈ ሰው ማለት ስለ ሆነ፣ ተማሪ «ዛሬ መላጣ ሆኜ መጣሁ» ቢል ጓደኞቹ መሣቃቸው አይቀርም።

አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ስለ ሆነ የቃሉን ዝምድና ለማየት አይቸግረንም። በግዕዝም በትግርኛም «ላጸየ» የሚባለው በአማርኛ «ላጨ» ሆኗል። «ጸ» ከ«የ» ጋራ ሲጋጠም በአማርኛ ወደ «ጨ» ይለወጣልና፤ በትግርኛ «ሓጸየ» የምንለው በአማርኛ «አጨ» መባሉ፣ ከእርሱም «እጮኛ» የሚለው ቃል መውጣቱ ለዚህ ምስክር ነው። በካምፓላ ገበያ ግን ምላጭ የሚፈልግ ሰው በሉጋንዳ «አካዌምቤ»፣ በስዋሂሊ «ዌምቤ» ብሎ ቢጠይቅ ያገኛል።

እባጩ ከየት ይመጣል?

ጠጉር ከቈዳ በታች ካለ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይበቅላል። ዞማ ጠጉር ያለው ሰው ጉድጓዱ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ጠጉሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከርዳዳ ጠጉር ያለው ሰው ግን፣ እርሱም ከእኛ አገርና ከኡጋንዳ ሕዝብ አብዛኛው ነው፣ ጉድጓዱ ራሱ የታጠፈ ስለ ሆነ ጠጉሩ እየተጠቀለለ ያድጋል። ጠጉሩ በምላጭ ሲቈረጥ ጫፉ እንደ ጦር ይሾላል። ከዚያም ጥቂት ካደገ በኋላ ተጠምዝዞ ወደ ቈዳው ተመልሶ ይገባል። ሰውነትም የራሱን ጠጉር እንደ እሾኽ ቈጥሮ ይታገለዋል፤ እባጩ፣ ማሳከኩና መግሉ የዚህ ትግል ውጤት ነው። ከዳነም በኋላ ጥቍር ምልክት፣ አንዳንዴም ጠንካራ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል።

አሁን ጠያቂያችን የገዙት ባለ አምስት ስለት መላጫ ለምን እንዳባሰባቸው መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ስለት ጠጉሩን ይዞ በጥቂቱ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ወደ ጉድጓዱ ከመመለሱ በፊት ተከታዩ ስለት ይቈርጠዋል። የተቈረጠውም ጠጉር ከቈዳ በታች ይሰምጣል። በዚያን ሰዓት ፊት እንደ መስተዋት ይለሰልሳል፤ ነገር ግን የሾለው ጫፍ ከቈዳ በታች ስለ ቀረ፣ ሲያድግ ገና ሳይወጣ የጉድጓዱን ግድግዳ ይወጋል። ዞማ ጠጉር ላለው ሰው በረከት የሆነው ጥራት ከርዳዳ ጠጉር ላለው ሰው መከራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው አጥርቶ መላጨትና በምቾት መላጨት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ምቾትን እንዲመርጥ እንመክራለን።

በዚህ ላይ የአገሩ አየር ይጨመራል። አዲስ አበባና አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ቀዝቃዛ ከተሞች ሲሆኑ፣ ካምፓላ ግን 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ እርጥበት የማይለያት ከተማ ናት። በእንደዚህ ያለ አየር ከራቫት አስሮ የሚውል ሰው አንገቱ በላብ ይርሳል፤ የሸሚዙም ኮሌታ እባጩን ሲፈገፍገው ይውላል። በደጋ ሳለ ያላስቸገረው አላላጭ በቆላና በወይና ደጋ ቢያስቸግረው አያስደንቅም።

የመላጫ ዐይነቶችና አመጣጣቸው

ጥንታዊው መላጫ እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው ባለ አንድ ስለት ምላጭ ነው። በድንጋይ ይሳላል፤ በቈዳ ጠፍር ላይም ይወለወላል። በሠለጠነ እጅ እጅግ መልካም ሥራ ይሠራል፤ ባልሠለጠነ እጅ ግን አደገኛ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ስለት ሠሪ ለዚህ ምላጭ የእንጨት መከላከያ አበጀለት፤ ቈዳን ከመቈረጥ የሚጠብቅ መላጫ አሳብ ከዚያ ጀመረ።

አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ግን ምላጩ እንዳይሳል፣ ሲደንዝም ተጥሎ በሌላ እንዲተካ አሰበ። ዊልያም ኒከርሰን ከተባለው መሐንዲስ ጋራ በመተባበር ስሱን ብረት ማጠንከር ከቻሉ በኋላ በ1903 ዓ.ም. ሽያጭ ተጀመረ። በዚያ ዓመት የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበረ። የፈጠራ መብቱ በ1904 ተመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ፤ ወታደሮቹም ከጦርነት ሲመለሱ ልማዱን ወደየቤታቸው ይዘው ገቡ። የጂሌት ስም ዛሬ በብዙ አገር የመላጫ መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። ጄኮብ ሺክ የኤሌክትሪክ መላጫውን በ1931 ለገበያ አቀረበ፤ የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያም በ1939 ክብ እየዞረ የሚላጨውን አወጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዝገት የማይዘው ምላጭ በእንግሊዙ ዊልኪንሰን ኩባንያ አማካይነት ተስፋፋ። በ1971 ባለ ሁለት ስለት፣ በ1998 ባለ ሦስት ስለት፣ በ2006 ባለ አምስት ስለት መላጫ ወጣ። ተላጭተውበት የሚጣለው የቢክ መላጫ ደግሞ በ1975 ተፈጠረ። ስለቱ በጨመረ ቍጥር ማስታወቂያውም ጨመረ፤ ነገር ግን የገዢው ጠጉር ዞማ ይሁን ከርዳዳ ማስታወቂያው አይጠይቅም።

ማን የትኛውን ይምረጥ?

1ኛ፦ ጢሙ ዞማ የሆነና ቈዳው እባጭ የማያወጣ ሰው የወደደውን ቢመርጥ አይጐዳም። ባለ ብዙ ስለቱ ለእርሱ የተሠራ ነው፤ ለጀማሪም የማያስቸግር ነው።

2ኛ፦ ጢሙ የሚጠቀለል ሆኖ እባጭ አልፎ አልፎ ብቻ የሚወጣበት ሰው አንድ ምላጭ የሚገባበትን ባለ እጀታ መላጫ ይያዝ። ይህ መላጫ ጠጉሩን በቈዳው ልክ ይቈርጠዋል እንጂ እየሳበ ከቈዳ በታች አያስቀረውም። ሲገዛ እጀታው ከበድ ያለና በረጠበ እጅ የማያንሸራትት፣ ራሱም ምላጩን አጥብቆ የሚይዝ መሆኑን መመልከት ይገባል። ምላጩ በእጀታው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቈዳን ይበላል።

3ኛ፦ እባጩ የማይለቀው ሰው ምላጭን ትቶ በጠጉር ቤት እንደሚሠራበት ያለ የኤሌክትሪክ መቍረጫ ይጠቀም። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ጠጉር ማስቀረት ይበቃዋል። ይህች ትንሽ ርዝመት ጫፉ ወደ ቈዳ እንዳይመለስ ታደርጋለች፤ ከሁለት እርምጃ ርቆ ለሚያይ ሰውም የተላጨ ፊት ትመስላለች።

4ኛ፦ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ዐይኑ የደከመ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ቍስል ቶሎ የማይድንለት ሰው የኤሌክትሪክ መላጫ ቢይዝ ይሻለዋል።

የምላጭ ዋጋና ዕድሜ

ብዙ ሰው የመላጫውን ዋጋ ጠይቆ የምላጩን ዋጋ ሳይጠይቅ ይገዛል። ወጪው ግን በምላጩ ላይ ነው። የጂሌት መላጫ መጀመሪያ በ5 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ይህም በጊዜው ብዙ ገንዘብ ነበረ። በ1921 የፈጠራው መብት ሲያበቃና ሌሎችም መሥራት ሲጀምሩ የመላጫው ዋጋ ወረደ፤ የኩባንያው ትርፍም ይበልጡን ከምላጩ ሆነ። ስለዚህ ገዢው እንዲህ ብሎ ያስላ። በሳምንት 3 ጊዜ የሚላጭ ሰው በዓመት 156 ጊዜ ይላጫል። አንዱ ምላጭ ለ5 ጊዜ ቢያገለግለው በዓመት 32 ምላጭ ያስፈልገዋል፤ ይህም ዐሥር ዐሥር በሚይዝ ፓኮ ቢገዛ 4 ፓኮ አይሞላም። ባለ ብዙ ስለቱ ራስ ለ10 ጊዜ ቢያገለግለው ደግሞ 16 ራስ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በሰፈሩ ሱቅ ያለውን የአንዱን ዋጋ በ32፣ የሌላውን ዋጋ በ16 አባዝቶ ያመዛዝን። ለዓመት የማይገኝ ምላጭ ያለው እጀታም ምንም ቢያምር አይግዛ።

ምላጭ ከጠጉር ይልቅ እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ይደነዝዛል? በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህን መርምረው በ2020 ዓ.ም. ውጤቱን አትመዋል። ብረቱ ከጠጉር 50 ጊዜ ያህል የጠነከረ ቢሆንም፣ ጠጉሩ ምላጩን በጐን ሲያገኘው በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ስብርባሪዎች ከስለቱ ጫፍ ላይ ይነሣሉ። ስለቱም እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ሲላጩበትም ጠጉሩን ከመቍረጥ ይልቅ ይጐትታል። ስለዚህ ምላጩ መጐተት በጀመረ ቀን ሊጣል ይገባዋል። አንድ ምላጭ ለመቈጠብ ሲሉ ፊትን ማቍሰል ቍጠባ አይባልም።

ስለ አላላጭ

ምንም መልካም መላጫ ቢገዛ አላላጩ ካልተስተካከለ ጥቅም የለውም። በስዋሂሊ ቋንቋ «ምዌንዛኮ አኪኞሌዋ፣ ዌዌ ቲያ ማጂ» የሚል ተረት አለ፤ ይኸውም «ባልንጀራህ ሲላጭ አንተ ራስህን በውሃ አርስ» ማለት ነው። ምሥጢሩ በሌላው የደረሰው በአንተም ይደርሳልና ተዘጋጅ የሚል ነው። ቀጥተኛው ንባብም ቢሆን ትክክለኛ ምክር ነው፤ በንሳምብያ የፖሊስ ሰፈር ስዋሂሊ ስለሚነገር ጠያቂያችን ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም። ጠጉር ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ በቀላሉ ይቈረጣልና፣ ከመላጨት በፊት ፊትን በሞቀ ውሃና በሳሙና ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል ማርጠብ ያስፈልጋል። በለስላሳ ጨርቅ ክብ እያደረጉ በቀስታ ማሸትም ሊሰምጥ የጀመረውን ጠጉር ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የሳሙናው አረፋ በፊት ላይ ሳይደርቅ መላጨት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአቅጣጫ ነገር ነው። በንሳምብያ መንገድ ዳር አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩትን አናጢዎች የተመለከተ ሰው ትምህርት ያገኛል። አናጢ መላጊያውን በእንጨቱ ዕድገት አቅጣጫ ሲገፋው ሳንቃው ይለሰልሳል፤ በተቃራኒው ሲገፋው ግን ሳንቃው ይሰነጠራል። መላጫም እንደ መላጊያ ነው። ከመላጨት በፊት ጢሙን በጣት ዳስሶ ወዴት እንደሚያድግ ማወቅ ይገባል፤ በተለይም በአንገት ላይ አቅጣጫው ከስፍራ ስፍራ ይለያያል። መላጨት ያለበት ጠጉሩ ወደሚያድግበት ነው። በአንድ እጅ ቈዳን ወጥሮ መላጨት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ነገር ግን የተወጠረው ቈዳ ሲለቀቅ የተቈረጠው ጠጉር ስለሚሰምጥ እባጭ ለሚያወጣ ሰው አይመከርም። መላጫውን መጫንም አያስፈልግም፤ ክብደቱ ራሱ ይበቃል። አጭር አጭር አድርጎ መሳብ፣ በየጊዜውም ማጠብ፣ አንድን ስፍራ ደጋግሞ አለመላጨት ይበጃል።

ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ሽታ የሌለው ለስላሳ ቅባት መቀባት መልካም ነው። አንዳንድ ሰዎች ሎሚ ወይም አልኮል ይቀቡበታል፤ ማቃጠሉንም የመድኀኒትነቱ ምልክት ያደርጉታል። በቈሰለ ቈዳ ላይ ግን ቍጣውን ያባብሰዋል እንጂ ጠጉሩን ከገባበት አያወጣውም።

እባጩ አስቀድሞ የወጣበት ሰው አራት ሳምንት ያህል ምላጭ ባያስነካው የገባው ጠጉር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። በጥፍር መጭመቅና በወረንጦ መንቀል ጠባሳ ያመጣል። መግል ከያዘ ወይም እየሰፋ ከሄደ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። አለቆችም ይህን እንዲያውቁልን እንወዳለን። በሥራቸው ያለ ሰው ጢሙን አሳጥሮና አስተካክሎ ቢገባ፣ ፊቱን አቍስሎ ከመግባቱ ይልቅ ንጹሕ ነው። ሳይጠይቁ መውቀስም ሕመምን እንደ ስንፍና መቍጠር ይሆናል።

ምላጭ በጋራ አይያዝም

እስካሁን የተናገርነው ስለ ምቾት ነው፤ አሁን የምንናገረው ግን ስለ ሕይወት ነው። ምላጭ በዐይን የማይታይ ጭረት ይጭራል፤ በስለቱም ላይ በዐይን የማይታይ ደም ይቀራል። በኡጋንዳ በ1982 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በራካይ አውራጃ መታየት የጀመረው የኤድስ በሽታ፣ በኢትዮጵያም በ1986 በሕሙማን ላይ ሲገለጥ፣ ስለታም መሣሪያን በጋራ አለመጠቀም በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የተሰበከው በዚህ ምክንያት ነበር። በ1903 ማዘር ኬቪንና ባልንጀሮቻቸው የፍራንሲስካን እኅቶች የሕክምና ሥራ በጀመሩበት በንሳምብያ ሆስፒታልም፣ ሕሙማኑን በየቤታቸው እየዞረ የሚረዳ ክፍል በ1987 ተቋቁሟል። ያን ዘመን ያየ ሰው የሌላውን ምላጭ አይነካም።

ዛሬ መድኀኒት በመገኘቱ ፍርሀቱ ቀንሷል፤ ከፍርሀቱ ጋራ ጥንቃቄውም እንዳይቀንስ እንሠጋለን። በምላጭ ረገድ ከኤድስ ቫይረስ ይልቅ የሚያሠጋው ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ድረስ የመበከል ኀይሉን ሳያጣ ይቈያል። እንግዲህ እሑድ የተላጩበት ምላጭ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላውን ሰው ሊበክል ይችላል ማለት ነው። በሽታው ለብዙ ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ኖሮ በመጨረሻ ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። ክትባቱ በኡጋንዳ ለሕፃናት ከ2002 ጀምሮ፣ በኢትዮጵያም ከ2007 ጀምሮ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው፣ ከአንባቢዎቻችንም አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፣ በሕፃንነቱ አልተከተበምና በጤና ጣቢያ ተመርምሮ መከተብ እንደሚገባው ያስታውስ።

ወደ ጠጉር ቤት የሚሄድ ሰውም አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ በዐይኑ ይይ፤ ወይም የራሱን ይዞ ይሂድ። መሣሪያውን በአልኮል በነከረው ጥጥ ጠረግ ማድረግ ለዐይን ንጹሕ ያስመስለዋል እንጂ አስተማማኝ አይደለም። «የራሴን ይዤ መጥቻለሁ» ማለት ባለሙያውን ማዋረድ አይደለም፤ ባለሙያውንም ራሱን ይጠብቀዋል።

ምላጭ በቤት ውስጥ

በየቤታችን ምላጭ ከአባት ወደ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሲዘዋወር ማየት የተለመደ ነው። ጠዋት አባት ጢሙን የተላጨበትን እናት ስፌት ትፈታበታለች፤ ልጆች እርሳስ ይቀርጹበታል፤ አያት ጥፍራቸውን ይቈርጡበታል። በአንዳንድ ስፍራም እንጥል ለመቍረጥና የሕፃን እትብት ለመበጠስ ሳይቀር ያው ምላጭ ይፈለጋል። ይህ ልማድ ከቍጠባ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሰው ደም ወደ ሌላው ሰው ደም መንገድ የሚጠርግ ነው። ስለዚህ ለስፌት መቀስ፣ ለእርሳስ መቅረጫ፣ ለጥፍርም የጥፍር መቍረጫ ይገዛ። ባልና ሚስትም ቢሆኑ አንድ ምላጭ አይጋሩ። የአባትየው መላጫ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ደርቆ ይቀመጥ፤ ረጥቦ የሚያድር ምላጭ ቶሎ ይበላሻልና። ያለቀው ምላጭ በባዶ የወተት ጣሳ ክዳን ላይ በተከፈተ ቀጭን ቀዳዳ ይጣል፤ ጣሳው ሲሞላ ታሽጎ ይወገድ። እንዲሁ ወደ ቆሻሻ የተጣለ ምላጭ የቤት ሠራተኛዋን፣ የጽዳት ሠራተኛውን ወይም በቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚጫወተውን ሕፃን እጅ ያቈስላል።

በመጨረሻም ለአባቶች አንድ ቃል አለን። ልጅዎ በላይኛው ከንፈሩ ላይ ጥቍረት ሲያሳይ፣ አፍሮ ተሸሽጎ በእርስዎ ምላጭ ከመሞከሩ በፊት ጠርተው ያነጋግሩት። የገዛ ራሱን መላጫና አንድ ፓኮ ምላጭ ይግዙለት። ጢሙ ወዴት እንደሚያድግ በጣቱ ያስዳስሱት፤ ውሃው ከሳሙናው፣ ሳሙናውም ከምላጩ እንደሚቀድም ያሳዩት። ደግሞም «ይህ የአንተ ነው፤ ለወንድምህም ለጓደኛህም አትስጥ፤ ከእነርሱም አትቀበል» ይበሉት። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም፤ ለልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይጠቅመዋል።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ጫማ አያያዝና ስለ እግር ጤና እንጽፋለን።